የታላቂቱ አሮጊት ወርቅ

ዓርብ ጠዋት ዶክተር ሄርን የመሣሪያ ዳሱን በር ተሰብሮ ሲያገኘው ፖሊስ ለመጥራት አልሮጠም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አርባ ዓመት ሙሉ የሙታንን ቤት ሲከፍት የኖረ አርኪዮሎጂስት ነው፤ ያገኘውም ሁሌ የገል ስባሪና የጥርስ ፍልጥ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ከታላቂቱ ጉብታ ሆድ ውስጥ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቀጠቀጠ የአንገት ወርቅ ወጣለት። ያንን ወርቅ ዳሱ ውስጥ አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አልቻለም።

ኢንስፔክተር ኤሞስ ሂበርድና ሳጅን ማዝለን ሲደርሱ የአልድኮምብ ሰው እኩሌታው ሸንተረሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ሸንተረሩ ላይ ስድስት ክብ ጉብታዎች ተሰልፈዋል፤ ያገሬው ሰው “አሮጊቶቹ” ይላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ሳይኖር፣ ንጉሥ ሳይኖር፣ ስንዴ እንኳ በቅጡ ሳይታወቅ ሰው የተቀበረባቸው ናቸው። አሮጊቶቹን የቆፈረ መብረቅ ይጠራል ይባላል። ሄርን ቁፋሮ የጀመረ ዕለት የመንደሩ ሴቶች ያሰጡትን ልብስ ከገመድ ላይ ሰብስበው ገብተው ነበር። መብረቁም ዝናቡም ቀረ፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር ስለሌለ ሸንተረሩ ደርቆ ቆርቆሮ መስሏል። ሂበርድ ሁለት ሸለቆ አልፎ ባለ መንደር ያደገ ሰው ስለሆነ በዚህ ተረት አይስቅም። አያምንበትም፤ ግን አይስቅበትም።

“ቁልፉ በማን እጅ ነበር?” ሲል ጠየቀ።

“በእኔ። አንድ ብቻ ነው” አለ ሄርን አፍንጫውን እየጠረገ። “ማታ ቄሱ ዘንድ እራት ተጋብዤ እስከ አራት ሰዓት ቆየሁ። ቄሱን ይጠይቁ። ወይኑ መጥፎ ነበር፤ እሱንም ይጠይቁ።”

ጓጉንቸሩ በዲጅኖ ተመትቶ ተገንጥሏል። ዲጅኖው የቆፋሪዎቹ የራሳቸው ነው፤ ውጭ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የሚያድር። ስለዚህ ቁልፍ ያለውም የሌለውም እኩል ተጠርጣሪ ሆነ።

የሄርን ረዳት ሚስ ኦድሪ ፌል ከፔርሙስ ሻይ ቀድታ ለኢንስፔክተሩ ሰጠችው። ፀሐይ ያጠቆራት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት። ከሸንተረሩ ሥር በቆመች ተጎታች ቤት ውስጥ ሦስት በጋ ኖራለች። ሂበርድ ወደዳት፤ ገና በጠዋቱ ሻይ የሚሰጥን ሰው የማይወድ ፖሊስ የለም።

“መናገር አልፈልግም ነበር” አለች ዝቅ ብላ። “ሲመሽ ጊዜ ፐርሲ ስሎፐር በዳሱ በኩል ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።”

“ፊቱን አዩት?”

“አረማመዱን ነው ያየሁት። ያንን አረማመድ የማያውቅ ማን አለ?”

ሳጅን ማዝለን ከዳሱ መግቢያ ሥር ጎንበስ ብሎ የጥንቸል ወጥመድ፣ የሽቦ ሸምቀቆ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ተነሳ። ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንዱ “አልኩ አይደል?” አለ። ሰው ምንም ሳይል “አልኩ አይደል” የሚልበት መንደር ነው።

*

ፐርሲ ስሎፐር የሰው ደን ገብቶ በማደን ስሙ የወጣ ጎረምሳ ነው። ባለፈው ዓመት የኮሎኔል ብራይዝን ቆቆች ከነላባቸው ኮቱ ውስጥ ይዞ ተገኝቶ ስድስት ወር ተፈርዶበታል፤ በገደብ። አንድ ጥፋት ብቻ ቢጨምር ገደቡ ይነሳና ይገባል። የወርቁ ስርቆት ደግሞ በስድስት ወር አያበቃም። ሦስት ዓመት ነው፣ የሚወለድለት ልጅ በእግሩ መሄድ ሲጀምር አያየውም ማለት ነው።

“ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?” አለው ሂበርድ ጣቢያው ውስጥ።

“ከሚስቴ ጋር።”

“ሚስትህ እህቷ ቤት ነበረች።”

“እንግዲያው ከራሴ ጋር ነበርኩ፣ አለቃ። ከራሴ ጋር ስሆን አልጣላም።”

“ይኼ ወጥመድ ያንተ ነው?”

ፐርሲ ሽቦውን አገላብጦ አየው። “የኔ ነው። ባለፈው ወር ከኮሎኔሉ አጥር ሥር ጠፋብኝ። ያገኘው ሰው ሊመልስልኝ ይገባ ነበር፤ ጊዜው እንዴት ተበላሽቷል?”

“ፐርሲ፣ ይኼ ቀልድ አይደለም። የት እንደነበርክ ንገረኝና ሚስትህ ዘንድ ልመልስህ።”

ቀልዱ ከልጁ ፊት ላይ ጠፋ። “አልችልም” አለ። “እናንተ የፈለጋችሁትን ጻፉ።”

የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ ፕሪድል ይህን ሲሰማ እጁን አፋተገ። “ሰኞ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ወጥመድ አለ፣ ምስክር አለች፣ ዝም ያለ ተከሳሽ አለ። ምን ቀረህ ሂበርድ?”

“ወርቁ ቀረኝ ጌታዬ።”

“እሱን ሲፈረድበት ይናገራል።”

የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ፕሪድል ደግሞ በሥራ ዘመኑ ብዙ ቀንድ ነክሷል። ሂበርድ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

*

የፐርሲ ሚስት ኢዲ ስሎፐር በሩን የከፈተችው ሆድዋን በአንድ እጅ ደግፋ ነው። “ገብተው ይፈትሹ ሚስተር ሂበርድ” አለችው። “አልጋው ሥር የእናቴ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ የሕፃን ልብስ አለ። ወርቅ ካገኙ ግማሹን ይስጡኝ።”

“ሻይ ካለሽ ይበቃኛል።”

“ሻይ አለኝ። ሰው ነው የሌለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን በር የነካ እርስዎ ብቻ ነዎት። የዳቦ ሻጩ ሚስት ስታየኝ መንገድ ተሻገረች፣ እንደ ኩፍኝ ሸሽታኝ።” ማንቆርቆሪያውን ጣደች። “ፐርሲ ሌባ ነው፤ እኔም አውቃለሁ። ሮጦ የሚያመልጥ ነገር ነው የሚሰርቀው፣ ተኝቶ የሚጠብቅ ነገር አይሰርቅም። አሮጊቶቹን ደግሞ ሞቶ አይነካቸውም። ሕፃን እያለ እናቱ በእነሱ ስታስፈራራው አድጎ፣ እስከ ዛሬ ሲመሽ በሸንተረሩ በኩል አያልፍም፤ በታች በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ይኼ እኮ የሚያሳፍር ነገር ሆኖበት ለማንም አይናገርም።”

ሂበርድ ስኒውን ሊቀበል ሲያጎነብስ ጠረጴዛው ሥር ድመቷን አያት፤ የዓሣ ጭንቅላት ይዛ እያጉረመረመች ነው። ባለ ነጠብጣብ ቆዳ፣ የወንዝ ዓሣ። በአልድኮምብ ዓሣ ሻጭ የለም። ወንዝ አለ፤ ወንዙ ደግሞ ከነዓሣው የኮሎኔል ብራይዝ ነው፣ ከመንደሩ ማዶ፣ ከአሮጊቶቹ በተቃራኒ።

ኢዲ ዓይኑን ተከትላ አየች። በዝግታ መጥታ በቀሚስዋ ጫፍ ድመቷን ሸፈነቻት።

“ጥሩ ሻይ ነው” አለ ሂበርድ።

“ሚስተር ሂበርድ...”

“እኔ ያየሁት ድመት ነው። ድመት ማየት ሥራዬ አይደለም።”

መንገድ ላይ ወጥቶ ረጅም ጊዜ ቆመ። ልጁ ሐሙስ ማታ ዓሣ ሲሰርቅ ነበር፣ ሚስቱን ሊመግብ። እውነቱን ቢናገር ስድስት ወር ይታሰራል፤ ባይናገር ሦስት ዓመት። ነፃ ሊያወጣው የሚችለው እውነት ራሱ ወንጀል ነው። ሂበርድ ተናደደ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ገና አላወቀም። ያቺ ለስላሳ ሴት ያየችው አረማመድ የፐርሲ ካልሆነ፣ ወይ ዓይኗ ስቷል ወይ ሌላ ሰው አይታለች።

*

ሌላ ሰው ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮው የመጣው የመሬቱ ባለቤት ነበር። ኮሎኔል ብራይዝ ሐሙስ በሙሉ ለንደን ነበርኩ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ግን በቀትሩ ባቡር ሲወርድ አይቶታል።

“ኮሎኔል፣ ከቀትር እስከ ማታ የት ነበሩ?”

“የራሴ ጉዳይ ነው።”

“እስከ ትናንት የራስዎ ነበር።”

ኮሎኔሉ ቀላ። ጣራው የሚያፈስ ትልቅ ቤት፣ ሁለት ያረጁ ውሾች፣ ከአያቱ የወረሰው ኩራት አለው። “ከሰዓት በኋላ ወርቁን አይቼ፣ ማታውን ሶልዝበሪ ሆቴል ውስጥ ከአንድ የቅርስ ነጋዴ ጋር ነበርኩ። ባሕር ማዶ ገዢ አለው። ጣራዬን ማደስ አለብኝ። ነጋዴውን ይጠይቁት፤ እራቱን እኔ ነኝ የከፈልኩት።”

“ወርቁ የዘውዱ አይሆንም?”

“የተደበቀ ወርቅ የዘውዱ፣ የመንግሥቱ ነው። ከሟች ጋር የተቀበረ የመሬቱ ባለቤት ንብረት ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፣ ያገሩ አጣሪ ዳኛ በሚቀጥለው ሳምንት ይወስናል። የራሴን ንብረት ለምን እሰርቃለሁ፣ ሰውየው?”

“እንደሚሸጡት የነገሩት ሰው አለ?”

“ሄርንን ነግሬዋለሁ። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ። ረዳቱም ነበረች። ሁለቱም የቀብር ፊት ነበር ያሳዩኝ።”

ነጋዴው ተጠየቀ፤ የኮሎኔሉ እራት እውነት ሆነ። የቄሱ እራትም እውነት ሆነ፣ ወይኑም መጥፎ መሆኑን ቄሱ በራሱ አንደበት መሰከረ። ሂበርድን ሁለት ደህና ተጠርጣሪዎች በሁለት እራት ምክንያት አመለጡት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ሸንተረሩ ላይ ወጣ። ሄርን ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ኮሎኔሉ ሽያጭ ሲጠየቅ አልካደም። “አዎ፣ ልቤ ተሰበረ። ምን ላድርግ? ሕግ ነው።” ከኪሱ አንድ ጠፍጣፋ የእርሳስ ማዕድን ክብ አውጥቶ በመዳፉ አስቀመጠለት። “ይህን ያየ ይጽናናል። ከሦስተኛዋ አሮጊት ሥር ያገኘሁት ነው። ያንብቡት።”

በእርሳሱ ላይ “ኦበዳያ ግሬይ ከፈተው፣ 1868” የሚል ተቀርጿል።

“ማነው ግሬይ?”

“የዚህ ደብር ቄስ የነበረ። አምስቱን አሮጊቶች በአካፋ የበረበረ። ከአምስቱ ታላቂቱን ጫፏን ብቻ ነክቶ ተዋት፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ጨዋ ቆፋሪ ነበር፤ ጉድጓዱን ከመድፈኑ በፊት ከሥሩ የራሱን ዘመን ምልክት ጣለ። ሁላችንም እንዲያ እናደርጋለን። እኔ ስሜ ያለበት ናስ አኖራለሁ፣ ሌላው የዓመቱን ሳንቲም ይጥላል። ከእኛ በኋላ የሚቆፍረው ሰው እዚያ ሲደርስ ‘እስከዚህ ሰው ነክቶታል፣ በዚህ ዓመት’ ብሎ እንዲያውቅ ነው። ያለዚያ እኛ የደፈንነውን አፈር ከጥንቱ ጋር ያምታታዋል። በሙያችን ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም።”

“ስድስተኛዋስ? አምስቱን ነው የበረበረው ያሉኝ።”

“ታናሺቱ? እሷ ድንግል ናት። ለመቶ ዓመት ማንም እንዳይነካት ተስማምተናል። ኦድሪ ሦስት ዓመት የለፋችበት ጥናት ሁሉ ከእሷ ጋር በማነጻጸር የቆመ ነው።”

ሂበርድ ወደ ሸንተረሩ ዳር፣ ወደ ታናሺቱ ተመለከተ። የጠዋት ፀሐይ ገና ከጎን ነው የምትመታት። በምሥራቅ ጎኗ፣ ከድርቁ በተረፈው አረንጓዴ ሣር ላይ፣ ቀጭን ቢጫ መስመር አየ፤ ቀጥ ያለ። ተፈጥሮ ቀጥ ያለ መስመር አታውቅም። ሄርንን አመስግኖ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ሳጅን ማዝለንን አካፋ ይዞ በኋላ በኩል እንዲመጣ ነገረው።

ሣሩ ከነሥሩ በካሬ በካሬ ተቆርጦ ተነስቶ፣ ተመልሶ በቦታው ተነጥፏል። አነጣጠፉ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ድርቁ ባይኖር ማንም አያውቅም ነበር። ዝናብ ያጣው ሣር ግን በተቆረጠበት ጠርዝ ቢጫ ሆኗል።

ማዝለን አካፋውን ይዞ ሰማዩን አየ።

“ምን ትጠብቃለህ?”

“ምንም ጌታዬ። ደመና እንዳለ ነው የማየው።”

“የለም። ቆፍር።”

ጉልበት ያህል ወርዶ አካፋው ቆርቆሮ ነካ። የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለው ወርቅ ፀሐዩን ሲያገኝ ሁለቱም ሰዎች ሳያስቡት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማዝለን ግንባሩን ጠረገ። “ፐርሲ ስሎፐር ጎበዝ ልጅ ነው። ማን እዚህ ይፈልጋል?”

“አፈሩን አይተኸዋል?” አለ ሂበርድ። “ስትቆፍር ከላይ ጥቁሩ መጣ፣ ከዚያ ቡናማው፣ ከሥር ነጩ የኖራ አፈር። የደፈነው ሰው እያንዳንዱን በየተራው መልሷል። ፐርሲ ጉድጓድ ሲደፍን አይቼ አውቃለሁ፤ በእግሩ ይገፋውና ይሄዳል።” ተንበርክኮ ቆርቆሮው የነበረበትን በጣቱ ጠረገ። ከሁሉም በታች፣ ከኖራው ላይ፣ አንድ ነገር አብለጨለጨ። አንስቶ በመሐረቡ ጠረገው፣ አየው፣ ከዚያም ሳቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

“ምንድነው ጌታዬ?”

“ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፣ ማዝለን። ወርቁን ኮትህ ውስጥ ክተት። ለማንም አትናገር።”

*

ቀትር ላይ ሄርንና ሚስ ፌል በድንኳናቸው ጥላ ሥር ትልቁን የጉብታዎቹን ሥዕል ዘርግተው ሳለ ሂበርድ ገባ። ኮሎኔሉና ማዝለንም አብረውት አሉ፤ ኮሎኔሉን የጠራው ሂበርድ ነው።

“ወርቁ ተገኝቷል” አለ።

ሄርን የያዘው እርሳስ ከእጁ ወደቀ። ኮሎኔሉ “ጎበዝ” አለ። ሚስ ፌል እጆቿን አንድ ላይ አጣምራ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለች፤ እንደተጠና ቃል አሳምራ አለችው። “የት?”

“ታናሺቱ ውስጥ። ፐርሲ የቆየ ጉድጓድ አግኝቶ እዚያ ደብቆት ነው።”

“የቆየ?” አለ ሄርን። “ታናሺቱ ላይ ጉድጓድ የለም።”

“አለ እንጂ። የቄስ ግሬይ ነው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ እስከ ሥሩ ወረድኩ፤ ሥሩ ላይ ሳንቲም አለ።” ሂበርድ የተጨበጠ እጁን አነሳ። “1868 ይላል። ዶክተር፣ በዘገባዎ ላይ ይህን እንዲያስገቡልኝ እፈልጋለሁ። ለክሱም ይጠቅመኛል።”

ሄርን የወርቁን ደስታ ወዲያው ረሳ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። “ግሬይ ታናሺቱንም ከፍቷታል? እንግዲያው ድንግል አይደለችም። ኦድሪ፣ ሥዕሉን አምጪው። ያልተነካ ብለን የጻፍነው ሁሉ ይሰረዛል። ንጽጽሩ፣ የገሎቹ ቅደም ተከተል... አዝናለሁ ልጄ፣ ሦስቱም ዓመት።” ላጲሱን አንስቶ ሥዕሉ ላይ አጎነበሰ።

ሚስ ፌል አልተንቀሳቀሰችም። ላጲሱ ወረቀቱን ሲነካ ግን እጅዋን ዘርግታ ያዘችው።

“አይሰርዙት።”

“ሳንቲሙ አለ እኮ፣ ኦድሪ። ዓመቱ አለ።”

“ዓመቱ እሱ አይደለም።”

“እንዴት አወቁ ሚስ ፌል?” አለ ሂበርድ።

እሷም ሂበርድን አየችው፤ እንደተያዘች ገብቷታል። ሊሸሽ የሚችል ሰው ፊት ነበራት፣ አንድ አፍታ። ከዚያ ዓይኗ ተመልሶ ሥዕሉ ላይ አረፈ፣ የሦስት በጋ መስመርዋ ላይ። “የዘንድሮው ነው” አለች። “አዲሱ ፔኒ። ጉድጓዱ ከትናንት በስቲያ የተቆፈረ ነው፣ ጉልበት ያህል ብቻ፣ ከኖራው አላለፈም። ከሥሩ ያለው ያልተነካ ነው። ይህን ይጻፉ። በእርግጠኝነት ይጻፉ። የቆፈርኩት እኔ ነኝ።”

ሂበርድ እጁን ፈታ። መዳፉ ላይ ገና የሰው ኪስ ያላደበዘዘው የ1971 ፔኒ አለ፤ በየካቲት መንግሥት አሮጌውን ሳንቲም ሲለውጥ ከወጡት።

ሄርን በዝግታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። “ኦድሪ፣ ለምን?”

“ባሕር ማዶ ሊሸጠው ነበር” አለች ወደ ኮሎኔሉ ሳታይ። “ለጣራ። አንድ ሀብታም ካዝና ውስጥ ሊቆልፍበት። አራት ሺህ ዓመት ወገኖቹ መሃል ኖሯል፤ ወደ ቤቱ መለስኩት። ለመቶ ዓመት ማንም አይደርስበትም ነበር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡትም ከኛ የተሻሉ ይሆናሉ።”

ሂበርድ እስከዚህ ድረስ ሊያዝንላት ምንም አልቀረውም ነበር። ስለ ዓሣው ጭንቅላት አሰበና ሐዘኑ ጠፋ።

“ወጥመዱን ከአጥር ሥር ያነሳው ማነው?”

ዓይኗን ከሥዕሉ አላነሳችም።

“ሲመሽ አረማመዱን ያየው ማነው? ሚስ ፌል፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ለሚወለድ ቆፋሪ መዋሸት አቃተዎት። በአንዲት ሳንቲም እንኳ ሊያታልሉት አልፈለጉም። ጥሩ ነው፣ ያስመሰግናል። ከዚህ ሸንተረር ሥር ግን ልጇን ያለ አባት ልትወልድ የነበረች ሴት አለች። እሷ ገና ስላልሞተች ነው?”

“ማስረጃ ስለሌለ ይለቁታል ብዬ ነበር” አለች። ድምፅዋ አሁንም ለስላሳ ነው፤ እንባዋ ግን መጣ። “እስከ ሰኞ... ይለቁታል ብዬ።”

“ማስረጃውን የሰጡን እርስዎ ነዎት።”

ማዝለን ቀርቦ ክንዷን ያዘ፣ ሳያጠብቅ።

*

ፐርሲን ከእስር ቤቱ ያወጣው ሂበርድ ራሱ ነው። ፕሪድል ጠረጴዛው ላይ ወርቁን አይቶ፣ የሚስ ፌልን ቃል አንብቦ፣ “እኔም ጠርጥሬ ነበር” ብሎ ፈረመ።

“በኋላ በር ላውጣህ ወይስ ቤትህ ላድርስህ?” አለው ሂበርድ።

“ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል፣ አለቃ? የመንደሩ የአትክልት ውድድር ትርዒት ቀን?”

“ነው።”

“እንግዲያው ቤት አልሄድም። መላው አልድኮምብ ድንኳኑ ውስጥ ነው። በፊት በር ሲያወጡኝ ያዩኝ እነሱ ናቸው፤ በፊት በር ሲያስገቡኝም ይዩኝ። በአዛዡ መኪና ቢሆን ደስ ይለኛል፣ የኔ ጓደኞች በእሱ ሄደው አያውቁም።”

ሂበርድ የአዛዡን መኪና ቁልፍ ሳይጠይቅ አነሳ። በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ያለ ፈቃድ የወሰደው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተጸጸተም።

በትርዒቱ ድንኳን ውስጥ ባሮ ሽንኩርቱ ክንድ ያህላል፣ ዱባው ሕፃን ያህላል፣ ሰዉ ተጨናንቋል። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነበር። ከማርማላታዎቹ ረድፍ ጫፍ ኢዲ ስሎፐር ከራሷ ማሰሮ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች፤ ዙሪያዋን አምስት እርምጃ ያህል ሰው የለም። ከቤት አልቀርም ብላ ነው የመጣችው። ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች፣ ሆድዋን ደግፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

መጀመሪያ የመኪናው ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ፐርሲ ገባ፣ እጁ ያልታሰረ፣ ከኋላው ሂበርድ፣ ከሂበርድ ኋላ ዶክተር ሄርን። ወሬ ሁሉ ተቆረጠ።

“ሌባው ተይዟል” አለ ሂበርድ። ጮኾ አልተናገረም፤ መጮኽ አላስፈለገውም። “ፐርሲ ስሎፐር አይደለም። አልነበረምም። ወርቁም ይኸው።” የብስኩቱን ቆርቆሮ በትልቁ ዱባና በባሮ ሽንኩርቱ መሃል አስቀምጦ ከፈተው።

ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ የድንኳኑ ሸራ የተነሳ መሰለ።

ፐርሲ ግን ወደ ወርቁ አላየም። በቀጥታ ኮሎኔል ብራይዝ ፊት ሄዶ ቆመ። “ጌታዬ፣ ሐሙስ ማታ የት እንደነበርኩ አልተናገርኩም። ወንዝዎ ውስጥ ነበርኩ። ሦስት ዓሣ። ለኢዲ። የፈለጉትን ያድርጉኝ፤ ግን የሟች ወርቅ አልነካሁም፣ ይህን ሰው ሁሉ እየሰማ ከእርስዎ አፍ እፈልጋለሁ።”

ልጁ የዳነለትን አንገቱን ራሱ ገመድ ውስጥ እየመለሰ ነው፤ ኮሎኔሉ አንድ ቃል ቢናገር የስድስት ወሩ ገደብ ይነሳል።

ኮሎኔሉ ፐርሲን አየ፣ ኢዲን አየ፣ በዙሪያዋ ያለውን ባዶ መሬት አየ። “በወንዜ ውስጥ ዓሣ የለም” አለ። “አሥር ዓመት አጥምጄ አንድ አልያዝኩም። ስለዚህ የያዝከው ከሌላ ሰው ወንዝ መሆን አለበት።” ጉሮሮውን ጠረገ። “ወርቁን ደግሞ አልነካህም። ተሳስተናል። እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ።” ከዚያ፣ ሁሉም እያየው መሆኑ ያሰከረው ይመስላል፣ እጁን ወደ ቆርቆሮው ዘርግቶ ቀጠለ፣ “ይህም ነገር የኔ ከሆነ ከዚህ አውራጃ አይወጣም። ጣራው ይፍሰስ።” ማታውን ሳይጸጸት አልቀረም፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሁለት መቶ ምስክርም ቆሟል።

በዚያን ጊዜ ነው ሄርን የአርባ ዓመት ሙያውን ሕግ ሁሉ የጣሰው። ወርቁን በሁለት እጁ አነሳና ኢዲ ዘንድ ሄደ። አካሄዱ ሰው ቀብር ላይ እንደሚሄደው ነበር።

“የበደለቻችሁ የኔ ረዳት ናት” አላት። “የምክስበት ነገር የለኝም። ይህን ግን... የተሠራው ለአንገት ነው። አራት ሺህ ዓመት የሰው አንገት አላገኘም። ትፈቅጃለሽ?”

“ይሰበራል” አለች ኢዲ።

“ከኛ ሁሉ ይጠነክራል።”

ፐርሲ ነው ያሰረላት። እነዚያ በጨለማ ሽቦ የሚያስሩ ጣቶቹ አሁን ወርቅ አሰሩ። ወርቁ ከአንገቷ ሥር ተዘርግቶ ደረቷን ሞላው፤ በታጠበ ብዛት በነተበው ሰማያዊ ቀሚስዋ ላይ ቤቱን ያገኘ መሰለ። ሂበርድ ወደ ሸራው ዞሮ አፍንጫውን ተናፈጠ፤ የአዛዡ መኪና አቧራ ነው አለ በኋላ ሲጠየቅ።

የዳቦ ሻጩ ሚስት ከሰዉ መሃል የመጀመሪያዋን እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ሌላዋ። ባዶው መሬት ከአራት ማዕዘን ጠበበ። ኢዲ አገጯን እንዳቀናች፣ የማሰሮዋን ክዳን ከፍታ ማንኪያውን አነሳች።

“ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልቀመሰልኝም” አለች። “እንግዲህ ተሰለፉ።”

ተሰለፉ። ከፊት የቆመው ኮሎኔሉ ነበር።